ያልተሠራው ቤት ተከራይ

ከዓመታት በፊት አንድ ወረቀት ላይ ፈርሜያለሁ። 17ኛው ፈራሚ ነበርኩ። ቁጥሩን የማስታውሰው ከስሜ ጎን ተጽፎ ስለነበር ነው።

ወረቀቱን ይዘው የመጡት የሰፈራችን አንዲት እናት ናቸው። ልጆች ሳለን ኳሳችን ግቢያቸው ሲገባ ሳይቆጡ የሚመልሱልን ሴት። «አየኸው ልጄ? ማዕዘኑ ላይ ባለ አምስት ፎቅ ሊሠሩ ነው። 20 ቤት! መኪናው የት ሊቆም ነው? ፀሐዩስ?» አሉኝ። እስክሪብቶውን ተቀብዬ ፈረምኩ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ተሳካልን። ጉዳዩን የሚያየው መሥሪያ ቤት ቦታው «ዝቅተኛ ጥግግት ባለው የመኖሪያ ቀጣና»፣ ማለትም ጥቂት ቤት ብቻ በሚፈቀድበት አካባቢ ውስጥ ነው ብሎ ፈቃዱን ከለከለ። በ20 ፋንታ አራት ቤት ተሠራ። ግቢ ያላቸው፣ ያማሩ ቤቶች ናቸው። እማማም እኔም ደስ አለን።

ከአራት ዓመት በኋላ ትዳር ያዝኩና ቤት መፈለግ ጀመርኩ። እናቴ ጤና አልነበራትም፤ እዚያው አካባቢ ለመከራየት ፈለግን። ቤት የለም። አንድ ሲገኝ ደግሞ በሩ ላይ ስምንት ሰው ቆሟል። ደላላው ስልኩን እየነካካ «ዛሬ ካልወሰድከው ነገ አታገኘውም» ይለኛል። የደላላ ወሬ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ስደውል እውነትም ተይዟል። በመጨረሻ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ተኩል የሚያስኬድ ቦታ ተከራየን።

እናቴን ልጠይቅ ስመላለስ በዚያ ማዕዘን አልፋለሁ። አንድ ቀን ቆም ብዬ አሰብኩት። ከ20 ላይ አራት ሲነሳ 16። ከ16ቱ አንዱ የግድ የእኔ ይሆን ነበር አልልም። ግን በየበሩ አብረውኝ ከቆሙት ሰዎች ጥቂቶቹ እዚያ ይገቡ ነበር፤ ሰልፉም ያጥር ነበር።

ከዚያ ወዲህ የመሬት አጠቃቀም ደንብ ማንበብ ልማድ ሆነብኝ። ባለቤቴ «ሰው ልብ ወለድ ያነባል» እያለች ትስቅብኛለች። እውነቷን ነው፤ ደንብ እንቅልፍ ያመጣል። ደግሞም የማነበው ክፉ ሰው ፍለጋ ነበር፤ ኪራዩን ያስወደደው ማን እንደሆነ ለማወቅ። ብዙ ገጽ ካገላበጥኩ በኋላ ያገኘሁት ግን እንደ እኔ ያሉ ፈራሚዎችን ነው።

እስቲ አንድ ምሳሌ በቁጥር እንሥራ። ስፋቱ 500 ካሬ ሜትር የሆነ ቦታ አለን እንበል፤ ወርዱ 20፣ ርዝመቱ 25 ሜትር። ደንቡ «ከፊትና ከኋላ አምስት አምስት ሜትር፣ ከጎንና ጎን ሦስት ሦስት ሜትር ተው» ይላል። ጥሩ ነው፤ አየር ይገባል። የሚሠራበት 14 በ15 ሜትር ቀረ፤ 210 ካሬ። «ከሁለት ወለል አይብለጥ» ይላል። ይሁን፤ ጎረቤት ፀሐይ ያገኛል። በጠቅላላው 420 ካሬ ወለል ሆነ። በዚህ ላይ ባለ 70 ካሬ ስድስት ቤት መሥራት የሚቻል ይመስላል። ስድስት ቤተሰብ የአንዱን ቦታ ዋጋ ተካፍሎ ይገባል ማለት ነው።

ደንቡ ግን አላለቀም። «የቦታው 30 በመቶ አረንጓዴ ይሁን» ይላል። ዛፍ የሚጠላ የለም። 150 ካሬ ሄደ። «ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት የመኪና ማቆሚያ» ይላል። አንድ መኪና ከነመዞሪያው 30 ካሬ ሜትር ገደማ ይፈልጋል፤ ለአንድ ቤት 60 መሆኑ ነው። ሕንፃው ካላረፈበት 290 ካሬ ላይ አረንጓዴው ሲነሳ የሚተርፈው 140 ነው። 140 ካሬ የሁለት ቤት መኪና ይችላል፤ የሦስተኛው አይገባም። ስለዚህ ስድስቱ ቤት ሁለት ሆነ፤ እያንዳንዱ 210 ካሬ። የቦታው ዋጋ ለስድስት መካፈሉ ቀርቶ ለሁለት ተካፈለ።

ልብ በሉ፤ «ስድስት ቤተሰብ እዚህ አይኑር» የሚል መስመር የትም ቦታ አልተጻፈም። እያንዳንዱን አንቀጽ ለብቻው አምጡልኝ ብትሉ፣ ለእያንዳንዱ ላጨበጭብ እችላለሁ። ሲደመሩ ግን ትንሽ ቤት መሥራት አይቻልም። ትንሽ ቤት ከሌለ ደግሞ አነስተኛ ገቢ ያለው ሰው መግቢያ የለውም። ከዚያ «አልሚዎች የሚሠሩት ለሀብታም ብቻ ነው» እንላለን። ስግብግብ አልሚ የለም አልልም፤ ሞልቷል። ግን ደንቡ ሁለት ትልልቅ ቤት ብቻ የሚያስገባለት ቅን አልሚም ቢመጣ የሚሠራው ያንኑ ሁለት ትልልቅ ቤት ነው።

የመኪናው ነገር በጣም ይገርመኛል። 30 ካሬ ማለት እኮ አንድ ሰው የሚኖርበት ስቱዲዮ ነው። በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩትና በ2025 ያረፉት ዶናልድ ሹፕ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚህ ጉዳይ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ነጻ ማቆሚያ የሚባል ነገር የለም ባይ ነበሩ፤ ዋጋው ኪራይ ውስጥና የዕቃ ዋጋ ውስጥ ተደብቆ ይከፈላል፤ መኪና የሌለውም ጭምር ይከፍላል። ተማሪዎቻቸውና አንባቢዎቻቸው በየከተማው ተበተኑ። የአሜሪካዋ ቡፋሎ በ2017 በከተማዋ ሙሉ የማቆሚያ ግዴታውን አነሳች። ማቆሚያ አትሥሩ አላለችም፤ ስንት እንደሚያስፈልግ ሠሪው ይወስን ነው ያለችው።

ሌላው የከፍታና የወለል ገደብ ነው። የወለል ስፋት ጥምርታ ይባላል። ጥምርታው 1 ከሆነ፣ 300 ካሬ ቦታ ላይ በጠቅላላው 300 ካሬ ወለል ብቻ መሥራት ይቻላል፤ በአንድ ወለል ብትዘረጋውም በሦስት ብትደራርበውም ያው ነው። በሙምባይ ደሴታማ ክፍል ይህ ቁጥር በ1991 ደንብ 1.33 ነበር። ሦስት ጎኗ ባሕር በሆነ፣ ሚሊዮኖች በሚጎርፉባት ከተማ! የዓላማው መነሻ መጨናነቅን መቀነስ ነው። ሰዎቹ ግን አልቀሩም። ወለሉ ስላልጨመረ በነበረው ወለል ላይ ተጠጋግተው ገቡ፤ ሌላው ያለ ፈቃድ በቆርቆሮና በላስቲክ ሠራ። ደንብ ሕንፃ መከልከል ይችላል። ሰው እንዳይመጣ መከልከል ግን አይሆንለትም።

እነዚህ ደንቦች ከየት መጡ? በኒው ዮርክ በ1915 ኢኩዊተብል የሚባል ወደ 40 ፎቅ የሚጠጋ ሕንፃ ተጠናቀቀ። ከቦታው ወሰን ጫፍ እስከ ላይ ቀጥ ብሎ የወጣ ግንብ ነው፤ ጥላው አካባቢውን ዋጠው። በማግስቱ ዓመት ከተማዋ የመላ ከተማውን የዞን ደንብ፣ ማለትም በየትኛው ቀጣና ምን እንደሚሠራ የሚወስን ደንብ አወጣች፤ ሕንፃዎች ወደ ላይ ሲወጡ ወደ ኋላ እንዲሸሹ የሚያዝ። እስከዚህ ድረስ የእማማ «ፀሐዩስ?» ነው። ግን ከደንቡ ጀርባ ሌሎች ገፊዎችም ነበሩ። የአምስተኛው ጎዳና ነጋዴዎች የልብስ ፋብሪካዎች እየተጠጉባቸው፣ ስደተኛ ሠራተኞች በምሳ ሰዓት መንገዱን እየሞሉባቸው ተማርረው ነበር። የፀሐዩ ጉዳይና የሰዎቹ ጉዳይ በአንድ ሰነድ ታሰሩ።

ሉዊስቪል የምትባለው የኬንታኪ ከተማ ደግሞ ጨርሳ በግልጽ ጻፈችው፤ ጥቁርና ነጭ በየትኛው ብሎክ እንደሚኖር በደንብ ከፋፈለች። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያንን በ1917 ሻረው። በ1926 ግን ያው ፍርድ ቤት፣ በኦሃዮ የምትገኘው ዩክሊድ የተባለች መንደር ያወጣችውን የዞን ደንብ አጸደቀ። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ጆርጅ ሰዘርላንድ በግል መኖሪያ ቤቶች መካከል የሚሠራን የአፓርታማ ሕንፃ ጥገኛ ተውሳክ ብለውታል፤ ሌሎች የፈጠሩትን ውበት ሊመጥ የሚመጣ። ይህን ሳነብ ትንሽ ዝም አልኩ። አፓርታማ ማለት ሰዎች ናቸው እኮ። የዘር ደንብ በበሩ ሲወጣ፣ «በአንድ ቦታ አንድ ቤት ብቻ፣ ቦታውም ከዚህ አይነስ» የሚለው ደንብ በመስኮት መግባት ይችላል። ዘር አይጠቅስም፤ ዋጋ ብቻ ይጨምራል። ቀሪውን ዋጋው ይሠራዋል።

የእኛም ወረቀት ሦስት ምክንያት ነበረው። ጥላ፣ መኪና፣ ሦስተኛው «የሰፈሩን ጸባይ ይለውጣል» የሚል። ሦስተኛው ምን ማለት እንደሆነ ያኔ አልጠየቅኩም። ዛሬ ሳስበው «የማናውቃቸው ተከራዮች ይመጣሉ» ማለት ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ያ የማይታወቅ ተከራይ እኔ ሆንኩ።

ደንብ ይቅር የምል እንዳይመስላችሁ። የቆዳ ፋብሪካ ከመኝታ ቤት ጎን አይሁን። የእሳት መውጫ ደረጃ ይኑር። የጎርፍ መሄጃ ላይ ቤት አይሠራ። ሕንፃው በመሬት መንቀጥቀጥ እንዳይደረመስ መሐንዲስ ይፈርምበት። እነዚህ ሕይወት ያተርፋሉ፤ ዋጋ ቢጨምሩም ይጨምሩ። የምለው ሕይወት የሚያተርፈውንና እይታ የሚያተርፈውን አንለይም ነው። ሁለቱም በአንድ ጥራዝ ውስጥ በአንድ ዓይነት ቋንቋ ስለተጻፉ እኩል የተቀደሱ ይመስሉናል።

ጃፓኖች የሠሩትን ሳነብ ቀናሁ። የዞን ዓይነቶቹን የሚወስነው የአገሪቱ ሕግ ነው፤ ለመላው አገር 13 ብቻ። ከተማው ከእነዚያ ውስጥ እየመረጠ በካርታው ላይ ያስቀምጣል እንጂ የራሱን 14ኛ አይፈጥርም። ጸጥተኛ በተባለው የመኖሪያ ቀጣና እንኳ አፓርታማና ከቤት ጋር የተያያዘ ትንሽ ሱቅ ይፈቀዳል። መኖሪያ የሚከለከልበት ዞን አንድ ነው፤ ለኢንዱስትሪ ብቻ የተተወው። ደንቡን ያሟላን ሕንፃ የጎረቤት ፊርማ በቀላሉ አያስቆመውም። የእኔ 17ኛ ፊርማ እዚያ ብዙ አይሠራም ነበር ማለት ነው። ቶኪዮ ውስጥ በዓመት ከ100 ሺህ በላይ አዲስ መኖሪያ ይጀመራል። ሕዝቧ ለብዙ ዓመታት ሲጨምር ኖሮ ኪራይ ግን እንደ ሌሎቹ ግዙፍ ከተሞች አልተተኮሰም። ገነት ናት አልልም፤ ቤቶቹ ጠባብ ናቸው፣ ጎዳናውም ለሁሉም ዓይን ውብ አይደለም። ግን ወጣት አስተናጋጅ ለብቻዋ ክፍል ተከራይታ የምትኖርበት ከተማ ጠባብ ቢሆን ምን ይለዋል?

የአሜሪካዋ ሂውስተንም ትገርመኛለች። ነዋሪዎቿ በ1948፣ በ1962ና በ1993 ድምፅ ሰጥተው ዞኒንግን አንፈልግም አሉ። ያም ሆኖ የቦታ ዝቅተኛ ስፋት የሚወስን ደንብ ነበራት፤ 465 ካሬ ሜትር ገደማ። በ1998 በቀለበት መንገዷ ውስጥ ለሚገኘው ክፍል ወደ 130 ካሬ አወረደችው፤ በ2013 ለቀሪው ከተማ አሰፋችው። አንድ ቤት በነበረበት ሦስት ቀጫጭን ቤት ጎን ለጎን መቆም ቻለ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተሠሩ። ደስ ያለኝ ሌላው ዝርዝር ነው። የሚፈራ ሰፈር በየብሎኩ ፊርማ አሰባስቦ «እኛን አይመልከተን» ማለት ይችላል። የፈራውን ጎረቤት በገዛ መንገዱ እንዲፈራ ተዉት። በሌላው መንገድ ላይ ግን አያዝም። እማማ ይህ አማራጭ ቢኖራቸው የእኛን መንገድ ብቻ ያስከብሩ ነበር፤ ሁለት መንገድ አልፎ ያለው ቦታ ይሠራ ነበር።

የኒውዚላንዷ ኦክላንድ በ2016 ባጸደቀችው ፕላን ከመኖሪያ መሬቷ ሦስት አራተኛ ያህሉ ላይ ከበፊቱ የበዛ ቤት እንዲሠራ ፈቀደች። ከዚያ በኋላ የግንባታ ፈቃድ ተተኮሰ፤ አብዛኛው ተያይዘው የሚሠሩ ትናንሽ ቤቶች ናቸው። የዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኪራይ ፕላኑ ባይኖር ይደርስበት ከነበረው ዝቅ ብሏል ይላሉ። መጠኑ ላይ የሚከራከሯቸው አሉ።

የአሜሪካዋ ሚኒያፖሊስ ደግሞ ስሟ የተጠራው «አንድ ቦታ፣ አንድ ቤት» የሚለውን ደንብ በማስቀረቷ ነው። በ2018 ስትወስን ብዙ ተባለላት። ነገሩ ሲታይ ግን በዚያ ደንብ ለውጥ የተሠራው ባለ ሦስት ቤት ሕንፃ ጥቂት ነው። ብዙውን የሠራው ብዙም ያልተወራለት ለውጥ ነው፤ በዋና መንገዶች ዳር ረጃጅም አፓርታማ መፍቀድና የመኪና ማቆሚያ ግዴታን ማንሳት። ከ2017 እስከ 2022 የከተማዋ ቤት በ12 በመቶ ጨመረ፤ ኪራይ የጨመረው በ1 በመቶ ነው። በቀሪው የሚኒሶታ ግዛት በዚያው ጊዜ ኪራይ 14 በመቶ ጨምሯል።

አንድ ጓደኛዬ እዚህ ላይ ሁሌ ያቋርጠኛል። «አዲስ የሚሠራው ውድ ነው። ድሃ አይገባበትም። ምኑ ነው የሚጠቅመው?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም ስፈርም እንዲህ እያልኩ ራሴን አጽናንቼ ነበር። ግን ባለ ገንዘቡ አዲስ ቤት ሲያጣ ተንኖ አይጠፋም። አሮጌውን ቤት ይገባበታል። እዚያ የነበረው ወደ ባሰው ይወርዳል። በሄልሲንኪ ተመራማሪዎች ይህን ሰንሰለት ሰው በሰው ተከታትለውታል። መሐል ከተማ ለገበያ በተሠሩ 100 አዳዲስ ቤቶች ሰዎች ሲገቡ የለቀቁትን፣ እዚያ የገባው ደግሞ የለቀቀውን እያሉ ቆጠሩ። በሁለት ዓመት ውስጥ 60 ያህል ቤት፣ ሰፈሮች በገቢ ቢደረደሩ በታችኛው ግማሽ በሚወድቁት ውስጥ ተለቀቀ፤ ከዚያ ውስጥ 29 ያህሉ ከሁሉም ዝቅ ባለው አንድ አምስተኛ ውስጥ። ድሃው በአዲሱ ሕንፃ በር አልገባም። ግን አንድ በር ተከፈተለት።

ይህ ሁሉንም ሰው ያዳርሳል ወይ? አያዳርስም። ገቢው የሲሚንቶና የብረት ዋጋ እንኳ የማይሸፍንለት ሰው አለ፤ ለእሱ መንግሥት መግባት አለበት። በቪየና ከነዋሪው ግማሽ ያህሉ በማዘጋጃ ቤትና በድጎማ በተሠሩ ቤቶች ይኖራል። በሲንጋፖር 80 በመቶ ገደማ የሚኖረው መንግሥት በሠራቸው አፓርታማዎች ነው። ለጓደኛዬ የምመልስለት ግን ይህን ነው። እነዚያ ሕንፃዎች ፎቅ ናቸው፤ ጥላ አላቸው። በሁለት ወለል በተገደበ ቀጣና ውስጥ መንግሥትም ቢመጣ ሁለት ወለል ነው የሚሠራው። በጎ ፈቃዱም በጀቱም ያለው የቤቶች ድርጅት ከሰፈር ስብሰባ ተሸንፎ ሲመለስ አይቻለሁ፤ ጎረቤቶቹ ያመጡት ምክንያት ከእኛ ወረቀት የተቀዳ ነው የሚመስለው።

ቅርብ ያልተሠራ ቤት ሩቅ ይሠራል። በእንግሊዝ ከመሬቱ 13 በመቶ ያህሉ በከተሞች ዙሪያ «አረንጓዴ ቀበቶ» ተብሎ የተከለለ ነው። ዓላማው ከተማው እንዳይንሰራፋ ነው። ሰው ቀበቶውን ዘልሎ ከወዲያ ይኖራል፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ በባቡርና በመኪና እያቋረጠው ይመጣል። እኔ ቀበቶ አላቋረጥኩም፤ ግን በቀን ሦስት ሰዓት አውቶቡስ ላይ መቀመጥ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ከእናቴ ጋር ልቀመጥባቸው የምችላቸው ሦስት ሰዓታት ነበሩ።

የሚከብደኝ ሌላ ነገር አለ። በዚያ ወረቀት ላይ 17 ሰው ፈረመ። 16ቱ ቤት ውስጥ ይገቡ የነበሩት ሰዎች ግን የትም አልፈረሙም። ሊፈርሙም አይችሉም፤ ማን እንደሆኑ ራሳቸውም አያውቁም። ገና ያልተጋቡ፣ ገና ሥራ ያላገኙ፣ ገና ከሌላ ከተማ ያልመጡ ናቸው። አዳራሹ ውስጥ የሚቀመጠው ቤት ያለው ሰው ነው። የሚጠፋበትን ያውቃል፤ መስኮቱን፣ ፀሐዩን፣ የቤቱን ዋጋ። ያልተሠራው ቤት ተከራይ ወንበር የለውም።

ባለፈው ወር እናቴ ጋ ሄጄ በሩ ሥር ማስታወቂያ ተጥሎ አገኘሁ። ከቤታችን ጀርባ ባለው ቦታ ላይ ባለ አራት ፎቅ ሊሠራ ነው። 12 ቤት። አስተያየት ያለው በዚህ ቀን ይምጣ ይላል።

ሄድኩ። አዳራሹ ግማሽ ሞልቷል፤ ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ አላየሁም። እማማም ነበሩ፤ አርጅተዋል፣ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። አንድ ወረቀት ጭናቸው ላይ አለ። ሲያዩኝ ፈገግ ብለው አጠገባቸው ያለውን ወንበር በእጃቸው መታ መታ አደረጉልኝ። ተቀመጥኩ። ሰብሳቢው የሚቃወም ሲል ብዙ እጅ ወጣ። የሚደግፍ ሲል ክፍሉ ጸጥ አለ። እጄን አወጣሁ።

እማማ ዞር ብለው አዩኝ። አልተቆጡም።

«ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ጥላው እኮ የሚያርፈው በእናትህ መስኮት ላይ ነው።»

«አውቃለሁ እማማ» አልኩ። ሄጄ ለክቼዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ወጥ ቤቱ ይጨልማል።